የእናቴን ፀጉር ያጠብኩባቸው ቅዳሜዎች

እናቴ ራሷን ማከክ የጀመረችው የወንድሜ ሦስተኛ ደብዳቤ በቀረ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሚያዝያ ላይ፣ ሁለተኛው ነሐሴ ላይ መጥቶ ስለነበር ሦስተኛውን ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል ብለን ጠበቅን። ታኅሣሥ ገባ፣ ተጋመሰ፣ ደብዳቤ የለም። እሷ በሻሿ ላይ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች ታልፈው ስለነበር መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ኋላ የሹራቧ ትከሻ በነጭ ቅርፊት ተሸፈነ። አንድ ጠዋት ትራሷ ላይ የደም ነጠብጣብ አየሁና ሻሿን አስፈታኋት። ፀጉሯን ስገልጠው ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቆዳው ወፍሮ፣ ቢጫ ቅርፊት አውጥቶ፣ እዚህም እዚያም ቆስሏል።

«ይኼን ያህል እስኪሆን ምን ትጠብቂ ነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

እኔ ስደነግጥ የምጮህ ሰው ነኝ። ሌላው ሲያለቅስ እኔ እቆጣለሁ። ዛሬም ፀጉሬ ሸብቶ አልተውኩትም።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የበሽተኛውን ስም እመዘግባለሁ፣ ካርዱን ከመደርደሪያ ፈልጌ አወጣለሁ፣ ተራው ሲደርስ በመስኮት እጠራለሁ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ የእናቴ፣ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጥቅምት ላይ ወንድሜ በግ ሊገዛ አንበሳሜ ገበያ እንደወጣ ገበያው ተከበበና ወጣቶቹ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሱ። አብረውት የሄዱት ጎረቤቶች ማታ ላይ በጉን እየጎተቱ መጡ። ገዝቶት ኖሯል። እናቴ በጉን አላረደችውም፣ አልሸጠችውም፤ ለቤተ ክርስቲያን ወስዳ ሰጠችው።

በእኛ አገር እናት ራሷን የምትላጨው ልጅ ሲሞትባት ነው። የተላጨች ሴት መንገድ ላይ ያየ ሰው «ማን ሞተባት?» ይላል እንጂ «ምን አመማት?» አይልም። ስለዚህ ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ እናቴ መቀስ ወደ ራሷ አላስጠጋችም። የተሰነጠቀውን ጫፍ ልከርክምልሽ ስላት እንኳ እጄን ገፋችው። «እሱ እስቲመጣ እንዳለ ይቆየኛል» አለች። ቤታችን ውስጥ ከዚህ በኋላ ስለ ፀጉሯ ማውራት ስለ እሱ ማውራት ሆነ።

ክሊኒኩ ወሰድኳት። ጤና ረዳቱ የሐረር ሰው ነበር፤ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ ብርዳችንን እያማረረ ሦስት ዓመት የቆየ፣ ረጋ ያለ ወጣት። ራሷን አገላብጦ አየና፣ «እማማ፣ ፎረፎር የሚሉት ነው፤ ግን የከፋው ዓይነት ነው። ፀጉርዎን ቢያሳጥሩት ጥሩ ነበር። መድኃኒቱ ቆዳውን ቶሎ ያገኘዋል» አላት።

እናቴ ሻሿን አንስታ አሠረችና ቀና ብላ አየችው። «አንቱ ልጅ አለዎ?»

«ገና አልወለድኩም።»

«እንግዲያው አይፈረድብዎም።»

እኔ በኀፍረት መሬት ልገባ ደረስኩ። እሱ ግን አልተቀየመም። ቡናማ ጠርሙስ አወጣና ሰጠኝ። ውስጡ ያለው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ወፍራም ሻምፖ ዲን ዲን ይሸታል። «ሳምንት ሁለቴ ነው» አለኝ፣ «ራሷን አርጥበሽ መቀባት፣ አምስት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ አጥርቶ ማጠብ። ቆዳውን ያድናል፤ ፀጉሩን ግን ያደርቃል። ከተረፈበት ይሰባብረዋል።» ሰማሁት። ግን ከመስኮቱ ውጭ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ሰዎች ነበሩና የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው። ለእናቴም ቤት ስንደርስ የነገርኳት «በሳምንት ሁለቴ፣ አምስት ደቂቃ» ብዬ ብቻ ነው። ለምን እንደሚታጠብ፣ ካልታጠበ ምን እንደሚሆን አልነገርኳትም። እስካሁን የሚከነክነኝ ይኼ ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ መጣችና ወንዛዬ እንውረድ አለች። ወንዛዬ ፍል ውሃ አለ፤ ሰው እንደ ጠበል ነው የሚያየው፤ የታመመ ሰባት ቀን ተጠምቆ ይመለሳል። እኔ አይሆንም አልኩ። «ወይ መድኃኒቱን ወይ ጠበሉን! ሁለቱን አታደበላልቂ» አልኳት። እናቴ ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው ብላ ድርቅ አለች። በሚሄዱበት ጠዋት ደጅ ላይ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ጠርሙሱን ከመደርደሪያ አንስቼ ስንቋ ውስጥ ወሸቅኩትና፣ «በቃ እንደወደድሽ አድርጊው!» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ዞሬም አላየኋት።

በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። እናቴ ራሷን በነጭ ነጠላ ጠምጥማለች፤ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። አክስቴ ያደረጉትን በኩራት አወራችልኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን የጠርሙሱን መድኃኒት በሙሉ ፍል ውሃ በሞላ ጀሪካን ውስጥ ገልብጠውታል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑ የበለጠ ይሠራል ብለው ነው። ከዚያ በየጠዋቱ ከጀሪካኑ ራሷ ላይ እያፈሰሱ በነጠላ አሠሩት። አላጠቡትም። ጠበል የነካውን ገላ በሌላ ውሃ ማለቅለቅ፣ በፎጣ መጥረግ ነውር ነው፤ በረከቱን እንደ መድፋት ነው። ማበጠሪያም ቅባትም አላስነኩትም። ሁለት ወር የሚበቃው መድኃኒት ሰባት ቀን ሙሉ ራሷ ላይ ደረቀ።

ነጠላውን ፈታሁት። የራስ ቆዳዋ ቀልቷል። ፀጉሯ እንደ ገለባ ደርቆ እርስ በርሱ ተያይዟል፤ ሽበቷ ወይቦ እንደ መነኩሴ ልብስ ሆኗል። ማጅራቷ ላይ ያለውን አንዱን ሹሩባ ለመፍታት ያዝ ሳደርገው ከሥሩ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። አልጎተትኩትም። ያዝኩት ብቻ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። አክስቴ አፏን በእጇ ያዘች።

ልጮህ ነበር። የእናቴን ፊት ሳይ ግን ተውኩት። ሹሩባዎቹን ከእጄ ተቀበለችና እያገላበጠች አየቻቸው።

«መቀስ አልነካውም አደል?» አለችኝ።

«አልነካውም።»

«እኔ አልቈረጥሁትም። በራሱ ነው የወደቀ። አይቈጠርም አደል?»

«አይቈጠርም» አልኳት። ሹሩባዎቹን በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተች።

አክስቴ ወደ ጓሮ ወስዳኝ፣ «እንዲህ ተሆነማ ሙልጭ አርጎ መላጨት ነው የሚሻል፤ እንደ አዲስ ይበቅላል» አለችኝ። ቁጣዬ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ያልኳትን ሁሉ ዛሬ ብደግመው አፍራለሁ። ምስኪኗ አለቀሰች። ጥፋቱ ግን የሷ እንዳልነበረ ያን ጊዜም አውቀው ነበር። እነሱ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። የማያውቁትን ልነግራቸው የሚገባ እኔ ነበርኩ።

በነጋታው ጤና ረዳቱ ጋ ገባሁና በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። «መላጨት አይሆንም» አልኩት፤ «ሌላ መንገድ ካለ አሳየኝ።» ለምን እንደማይሆንም ነገርኩት። ቀድሞ ያልገባው ያን ቀን ገባው መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ «የተሰበረ ፀጉር አይድንም» አለኝ። «ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ራሱን አይጠግንም። አንቺ የምትጠብቂው ያልተሰበረውንና አዲስ የሚበቅለውን ነው።» አንድ በአንድ አስረዳኝ። በዚህ ጊዜ የሰማሁት በሁለቱም ጆሮዬ ነው፤ በአሮጌ ካርድ ጀርባም ጻፍኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት የሚባል ሳናስነካ ቁስሉ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ በአዲስ ጠርሙስ ጀመርን፤ ረቡዕ ከሥራ መልስ አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዴ። ረቡዕን እንደ ነገሩ ነበር የምንወጣው። ሙሉ ጊዜያችን ቅዳሜ ነው።

እናቴን ጓሮ ከወይራው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ አስቀምጣታለሁ። ፀጉሯን የምፈታው ሳይረጥብ ነው፤ በጣቴ፣ ከጫፉ ጀምሬ ወደ ላይ። እርጥብ ፀጉር ሲጎተት ይለጠጥና ይበጠሳል ብሎኛል። ከዚያ መሐሉንና ጫፉን፣ ቆዳውን ሳላስነካ፣ በመዳፌ ላይ ባሟሟኋት ትንሽ ቅቤ አብሰዋለሁ፤ ሻምፖው ሲወርድበት እንዳያደርቀው። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አፈሳለሁ። ሻምፖውን ራሷ ላይ አላፈስም፤ ፀጉሩን በመሥመር እየከፈልኩ ቆዳው ላይ ብቻ በጣቴ ሥጋ አሻለሁ። ጥፍር ክልክል ነው። አጥርቼ ካጠብኩ በኋላ አልፈትገውም፤ በአሮጌ ነጠላ ጫን ጫን አድርጌ ውሃውን አስመጥጣለሁ። ፀሐይ ላይ አላስቀምጣትም። ሲደርቅ ሰፋፊና ላላ ያለ ጉንጉን እሠራላታለሁ እንጂ ቆዳ የሚወጥረውን ደቃቅ ሹሩባ ተውነው።

ሲጻፍ እንዲህ ሰላማዊ ይመስላል። ሥራው ግን ጦርነት ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ «ዛሬ ሰንበት ነው» ብላ አልቀመጥም አለች። «መታከም ሥራ አይደለም፣ ተቀመጪ!» አልኳት። አምስት ደቂቃውን እኔ በሰዓቴ ስለካ እሷ በጸሎት ትለካለች። አቡነ ዘበሰማያት ትላለች፣ ትደግማለች፣ መጨረሻ ላይ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠርታ በሰላም መልስልኝ ትላለች። የኔ ሰዓት ሲሞላ የሷ ጸሎት አያልቅም። «በቃ እኮ! ያቃጥልሻል! እግዚአብሔር ሰምቶሻል!» እያልኩ ውሃውን እደፋባታለሁ። «አንቺ አረመኔ» ትለኛለች ዓይኗን ጨፍና።

ከሁሉ የባሰው የቅቤው ጉዳይ ነበር። ቆዳው ቅቤ ሲያገኝ ቅርፊቱ ይብሳል፤ መድኃኒቱም አይዘልቀውም። ቅቤው ለፀጉሩ እንጂ ለቆዳው አይደለም ብዬ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ሲያማት ቅቤ ነው ያደረገችው። እኔ ሥራ ስውል እየሰረቀች መሐል አናቷ ላይ ትለጥፍና ስመጣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ደግሞ ቀባሽው!»

«ማን? እኔ? የት አየሽው?»

«ግንባርሽ ላይ እየወረደ!»

«ላብ ነው።» በደብረ ታቦር ብርድ ላብ! ሳቄ ይመጣል፤ ግን አልስቅም፣ እጮኻለሁ። ጎረቤት በአጥር በኩል፣ «ምነው? እናትሽን ለቀቅ አድርጊያት እንጂ» ይለኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤ አልነካም ስትል እሰይ ብዬ በጉሎ ዘይት ቀየርኩት። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እንደገና ተመለሰች።

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ፀጉሯ ዳነ። መሰበሩ በመጀመሪያው ወር ቀነሰ፣ በሁለተኛው አቆመ ማለት ይቻላል። በሹሩባዎቹ ቦታ ማጅራቷ ላይ አዲስ ፀጉር ለስልሶ ብቅ አለ። በየቅዳሜው አመልካች ጣቷን አጠገቡ እያቆመች ትለካዋለች። ግንቦት ላይ የጣቷን ግማሽ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ጀመረች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር እንዲታይ ነው። ሰው እንዲያየው፣ የልጇን በሕይወት መኖር እንዲያነብበት። ከኋላ ከኋላዋ እየሄድኩ ሳያት ኩራት ይሰማኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ በሥራዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ክሊኒክ ውስጥ አንድ ልማድ ነበረኝ። ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰ ወታደር ፋሻ ሊያስቀይር ሲመጣ ካርዱን ከሞላሁ በኋላ የወንድሜን ስም ከነአያቱ እጠራለትና ያውቀው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሁሉም አላውቅም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ የሚቀጥለውን እጠራለሁ። ሰኔ ላይ በምርኩዝ የሚሄድ፣ ቆስሎ የተሰናበተ ወጣት መጣ። የይፋግ ልጅ ነው። ጠየቅኩት። ይኼኛው ራሱን አልነቀነቀም።

«ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምኑ ነሽ?»

«እኅቱ።»

ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። መናገሩ ጸጽቶት እንደነበር ያስታውቃል። «እኔኮ የሰማችሁ መስሎኝ…» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኅዳር ላይ ነው፤ ማለቂያው ገደማ። አንድ ምሽግ ነበርን። ብዙ አልተሠቃየም። አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ካርዱን ሰጠሁትና የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራሁ። አንዲት ሴት በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «እመቤት፣ አቤት ካልኩ ቆየሁ፤ አሁንም የምትጠሪው እኔኑ ነው» አለችኝ። አንዱን ስም ብቻ ደጋግሜ ስጠራ ቆይቻለሁ።

ኅዳር። ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤውን ስንጠብቅ አልነበረም። ወንዛዬ ሲወርዱ አልነበረም። ሹሩባዋ እጄ ላይ ሲቀር አልነበረም። የጤና ረዳቱን ምክር በካርድ ጀርባ ስጽፍ፣ በየቅዳሜው ከቅቤ ጋር ስዋጋ፣ እሷ አዲሱን ፀጉር በጣቷ ስትለካ እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

መርዶ እኛ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን የሚነግረው ነገር አይደለም። ለቅርብ ዘመድና ለሽማግሌ ይነገራል፤ እነሱ ቀን ቆርጠው ማልደው ይመጡና ያረዳሉ። ስለዚህ ለአክስቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ወረቀት አልመጣም፣ ልጁ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ውሸት ነው። እንዳልተሳሳተ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ። እውነቱን ልናገርና ያሳዘነኝ ፀጉሯ ነበር። ሊላጭ ነው። ያን ሁሉ ወር ፈትል በፈትል ያተረፍኩት በአንድ ጠዋት ሊላጭ ነው። ሰው ወንድሙ ሞቶ ስለ ፀጉር ያስባል? እኔ አሰብኩ። ፀጉሯ እስካለ ድረስ የእሱ አንድ ነገር ከእኛ ጋር ያለ ይመስለኝ ነበር።

አምስት ቅዳሜ እንደዚያ አለፈ። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ጓሮውን ትተን በረንዳ ላይ ነበር የማጥባት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በጣቴ እፈታለሁ፣ ጫፉን አብሳለሁ፣ በመሥመር እከፍላለሁ። አምስት ደቂቃው ሲደርስ እናቴ ጸሎቷን ትጀምራለች። የክርስትና ስሙ ላይ ስትደርስና በሰላም መልስልኝ ስትል ጣሳውን ይዤ እቆማለሁ። ሰዓቴን አላይም። እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀስ አድርጌ አጥባታለሁ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ሐምሌ ተጋምሶ ነበር። አጥቤ ጨርሼ ውሃውን በነጠላ እያስመጠጥኩ ሳለሁ፣ ሳትዞር፣ «ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቅቤ ቀባሁ» አለችኝ።

ማስመጠጡን ቀጠልኩ።

«ተግንባሬ እስተ አናቴ ነው የለቀለቅሁት። ባለፈው ሳምንትማ ተአንገቴ ወርዶ ልብሴን አበላሸው። አላየሁም እንዳትይኝ።»

«አይቻለሁ።»

«እንድትጮኺብኝ ነበር የቀባሁት» አለች። «መዠመሪያ ደክሟት ነው ብየ ተውሁት። ኋላ ፈራሁና ሞከርሁሽ። አልጮኽሽም። ጸሎቴንም አላቋረጥሽኝ። አንቺ እንዲህ አታውቂም፤ ልጄ፣ ምን አግኝቶሽ ነው?»

ነጠላውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም።

«ተመቼ ዠምሮ ነው የምታውቂ?»

«ከሰኔ።»

«እሱሳ መቼ ነው?»

«ኅዳር ላይ ነው፣ እምዬ።»

በጣቶቿ ቆጠረች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ጥር ላይ ቆመች። «ወንዛዬ ሳልወርድ» አለች።

«አዎ።»

ፊቷን ወደ ዝናቡ መለሰች። እንደምትጮህ፣ ፊቷን እንደምትነጭ ጠብቄ እጆቿን ለመያዝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። «መቀሱን አምጪ» አለችኝ።

«አክስቴን ልጥራ፣ ሽማግሌዎች ይምጡ፤ ወጉ…»

«አንቺ ያበቀልሽውን አንቺ ቍረጭው። ለሰው አልሰጥም።»

መቀሱንና ምላጩን አመጣሁ። ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው። ጀመርኩ፤ እጄ ግን የለመደውን ነው የሚሠራው። ከጫፉ እየፈታሁ፣ እንዳይጎተት በሌላው እጄ ሥሩን ደግፌ፣ ጥቂት ጥቂት እያነሳሁ። አንገቷን ቀና አደረገች። «አሁንስ ለምኑ ብለሽ ነው የምትጠነቀቂለት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ቆረጥኩት። ማጅራቷ ላይ ያለው፣ በጣቷ ስትለካው የነበረው፣ መጨረሻ ላይ ወደቀ። በውሃ አርጥቤ በምላጭ ላጨኋት።

ሲያልቅ ራሷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩትና አየሁት። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በመዳፌ ዳሰስኩት። አንድም ቅርፊት የለም። ቁስል የለም፣ ቀይ ቦታ እንኳ የለም፤ እንደ ሕፃን ራስ ንጹሕ ነው። ከፀጉሩ ሥር ስለነበር እስከዚያ ቀን እንዲህ ሙሉ በሙሉ አላየሁትም ነበር።

«እምዬ፣ ራስሽ ድኗል» አልኳት።

እጇን አንስታ የተላጨ ራሷን ዳሰሰች። አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት። የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች በዝናቡ ውስጥ እየሮጡ ገቡ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ራሷን ያዩና ባሉበት ይቆማሉ። ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።